የእንዶዱ ሰው፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ

ሰንበት ሳይገባ ወንዝ ወርዳችሁ ነጠላውንና ቀሚሱን በእንዶድ ያጠባችሁ እናቶች፣ የዛሬው ታሪክ ከእናንተው አረፋ ይጀምራል።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ፣ በ1964 የቢልሃርዝያን በሽታ ሊያጠኑ ወደ አድዋ ሄዱ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። ከላይ በኩል ያሉት ግን ደኅና ነበሩ። ከእነሱ ጥቂት ለቅመው እንዶድ ባለበት ውሃ ቢጨምሯቸው ሞቱ። ስንቱ ሰው አይቶት ሳይጠይቅ ያለፈው ነገር ነው!

ቀንድ አውጣ ቢሞት ምን ይፈይዳል? የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። የሚፈለፈለው እጭ ገላው በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው፤ ሳይንቲስቶች ሲሊያ ይሏቸዋል፣ በላቲን ሽፋሽፍት ማለት ነው። በየፀጉሩ ውስጥ ዳይኒን የተባለ ፕሮቲን ቀጫጭን ቱቦዎችን እየሳበ ያጎብጠዋል። ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ አንዱ ወገን ሲስብ ሌላው እንዲያርፍ ይቆጣጠራሉ፤ ሁሉም እኩል ቢስቡ ፀጉሩ ደርቆ ይቀራልና። (በእኛም አየር ቧንቧ አክታና አቧራ የሚጠርጉት እንዲህ ያሉ ፀጉሮች ናቸው።) እጩ አይመገብም፤ በያዘው ስንቅ እየቀዘፈ በአንድ ቀን ገደማ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ያልቅለታል። ካገኘ ግን ውስጡ ተራብቶ፣ ጅራት ያላቸው ሌሎች እጮች በሺዎች ይወጡና የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስተው ይገባሉ። ቀንድ አውጣው ሲጠፋ መንገዱ ይቆረጣል።

ዶክተር አክሊሉ በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከአቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ዓይነት እንዶድ ሰብስበው አነጻጸሩ፤ ከሁሉ የበረታው 44 ቁጥር የተሰጠው ሆነ። በአድዋ ለአምስት ዓመት ወንዙን በእንዶድ ሲያክሙ ከቆዩ በኋላ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

እዚህ ላይ ነበር ትልቁ ፈተና። በጊዜው ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኬሚካል ከውጭ በውድ የሚገዛ ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ይበቅላል። ሆኖም በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራው ጥናት ለዓለም ጤና ድርጅት በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ስለ መርዛማነቱ በውጭ አገር ላቦራቶሪ እንደገና ይመርመር ተባለ። ምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገንዘቡ ደግሞ አልመጣም። እንዲህ እየተባለ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ጥንቃቄው ክፉ አልነበረም፣ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና፤ ግን ለድሃ በሽታ የሚቸኩል እንደሌለ እኔ ከዚህ አይቻለሁ።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና አቶ ለገሠ፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ። ዶክተሩ በሚያዝያ 1997 አረፉ። ኬሚስቶች ቀንድ አውጣን የሚገድለውን የእንዶድ ንጥረ ነገር በአባታቸው ስም ለማቶክሲን ብለውታል።