እናታችን ክርስቶስ ሠምራና የክፋት ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ እግዚአብሔር ቸርና ሁሉን ቻይ ከሆነ ክፋት በዓለም ስለ ምን ኖረ? ይህ ጥያቄ ጓደኛሞች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይነሣል። ድርቅ በተመላለሰበት በጋይንት ተወልዶ፣ የ1977 ዓ.ም. ረሀብን ወሬ ከታላላቆቹ ሰምቶ ያደገ ወጣት ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ በደብረ ታቦር በኩል ተወርዶ በሚደረስበት በጣና ሐይቅ፣ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት በፈጣሪዋ ፊት ያቀረበች እናት ነበረች።

ክርስቶስ ሠምራ በሸዋ፣ በቡልጋ ተወለደች። የታሪክ ሊቃውንት በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረች ይገምታሉ። ገድሏ እንደሚተርከው ሠምረ ጊዮርጊስን አግብታ፣ ልጆች ወልዳ በሀብት ትኖር ነበር። አንድ ቀን ግን አገልጋይዋ ብታስቆጣት የጋለ ትንታግ ከአፏ ጨመረችባት፤ አገልጋይዋም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ ወደ አምላኳ አለቀሰች፤ የሞተችው ብትነሣ ዓለምን ትታ ልትመንን ተሳለች። አገልጋይዋ ተነሣች። እርሷም ስእለቷን ሳታጓድል ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መነኮሰች፤ በኋላም በጣና፣ በጓንጉት፣ ከሐይቁ ውኃ ውስጥ ቆማ እየጸለየች ብዙ ዘመን ተጋደለች።

ልብ በሉ፤ ይህች እናት ክፋትን ያወቀችው በገዛ እጇ ነው። ስለዚህ በማንም ላይ ልትፈርድ አልደፈረችም። የአዳም ልጆች የሚጠፉት በዲያብሎስ ተንኮል ነውና እርሱ ራሱ ይቅር እንዲባል ጌታን ለመነች። ጌታም በልመናዋ አልተቆጣም፤ ቅዱስ ሚካኤልን አስከትሎ ወደ ሲኦል ሰደዳት። ዲያብሎስ ግን የዕርቁን ጥሪ በሰማ ጊዜ በቁጣ እጇን ይዞ ወደ ጥልቁ ጎተታት። ሚካኤል በሰይፉ አዳናት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ክፋት ከእግዚአብሔር ጋር የሚስተካከል ሌላ አምላክ አይደለም። ዲያብሎስም መልአክ ሆኖ ተፈጥሮ በፈቃዱ የወደቀ ነው። እግዚአብሔር ይቅርታን አልነፈገም፤ እምቢ ያለው የተጠራው ነው። አምላካችን ማንንም አስገድዶ መልካም አያደርግም፤ በግድ የሆነ ፍቅር ፍቅር አይባልምና።

በእርግጥ ይህ መልስ በፈቃድ ለሚሠራ ክፋት ነው። ዝናብ ለቀረበት ዓመት፣ በረሀብ ላለቀ ሕፃን አይበቃም። ክርስቶስ ሠምራም ስለዚያ የተጻፈ ማብራሪያ አልተወችልንም፤ ስለ ሌላው ነፍስ ቆማ መለመንን ግን አሳየችን። እኛም በጉባኤ ስለ ክፋት ስንከራከር፣ በየቤታችን እንጨት ተሸክማ፣ ውኃ ቀድታ የምታገለግለንን ልጅ እንዴት እንደምንናገራት እንመርምር። ለተራበው ጎረቤትም ከእንጀራችን እንቁረስ። የክፋት ጥያቄ ከሩቅ ሳይሆን ከዚህ ይጀምራልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።