አል-ዘህራዊ፦ ያልቻለውን የጻፈ ሐኪም



ደጋን ኪታብ ስንቀራ ሸኻችን የማያውቁትን አላውቅም ማለትም የዒልም ክፍል መሆኑን ደጋግመው ያስተምሩን ነበር። በዚህ አደብ የኖረ አንድ ሐኪም ላስታውሳችሁ።

አቡ አል-ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አል-ዘህራዊ (ረሂመሁላህ) በ936 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአንደሉስ ተወለደ። ስሙ በቁርጡባ አጠገብ ከነበረችው መዲነቱ-ዘህራእ የመጣ ነው። ዕድሜውን በሕክምና አሳልፎ በ1000 ገደማ «አት-ተስሪፍ» የተባለውን ባለ 30 ክፍል ኪታብ ጨረሰ። በመጨረሻው ክፍል ወደ 200 የሚጠጉ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በሥዕል አሳየ። የሰውነትን አሠራር ሳያውቁ ቢላ የሚያነሱትን አጥብቆ ይወቅስ ነበር። አንድ አላዋቂ ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቆርጥ የደም ሥሯን በጥሶ እንደገደላት ጽፏል።

በኪታቡ ካነሳቸው በሽታዎች አንዱ በሕፃናት ጭንቅላት ውስጥ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ዛሬ ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ነው። የአንድ ልጅ ጭንቅላት በየቀኑ እያደገ፣ ልጁ መቀመጥ እስኪያቅተው ደርሶ ሲሞት አይቷል። ያያቸው ሕፃናት ሁሉ ቶሎ ስለሞቱ ይህን በሽታ በቢላ አለመንካትን መረጠ። ይህንንም ሳይደብቅ አሰፈረው።

አል-ዘህራዊ የእጅ ጥበብ አልጎደለውም። የጎደለው የራስ ቅል ሳይከፈት ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ዛሬ የሕፃኑ እርግብግቢት ሳይገጥም በአልትራሳውንድ፣ ከዚያም በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ውሃው የት እንደተጠራቀመ ይታያል። ከዚያ በቆዳ ሥር በሚቀበር ቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ እንዲወርድ ይደረጋል። በ1956 ለእንዲህ ዓይነቱ ቱቦ ቫልቭ የሠራው ጆን ሆልተር ሐኪም አልነበረም። ልጁ በዚሁ በሽታ የተያዘበት አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ ነበር።

አል-ዘህራዊ በ1013 አካባቢ ወደ አኼራ ሄደ። ኪታቡ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት።

ኮምቦልቻ ምህንድስና የምንማር ተማሪዎች ከዚህ የምንወስደው አለ፤ አንዱ ያልቻለውን በሐቅ ከጻፈ፣ ሌላው ከዚያ ይጀምራል። በሽታው በአገራችንም አለ። ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንገባ፣ የልጁ ጭንቅላት ከልክ በላይ ሲያድግ ያየ ወላጅ ከዱዓው ጋር ሳይዘገይ ሐኪም ቤት እንዲወስደው እንንገር።

አላህ ይዘንለት፤ ለእኛም ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። አሚን።