ተምረው የተመለሱት አባት

የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል ያላየ የሸዋ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስድስት ክንፍ፣ ለጸሎት የተዘረጉ እጆች፣ አንድ የቆመ እግር፣ አጠገቡም የተቆረጠው እግር። ለዘንድሮው የመገናኛ በዓላችን መጽሐፍ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ጻፊ ስባል እሳቸውን የመረጥኩት ግን ስለ ክንፉ አይደለም። ለትምህርት ስለሄዱበትና ስለተመለሱበት መንገድ ነው።

የተወለዱት ከአንኮበር በስተደቡብ፣ በቡልጋ አገር፣ ዛሬ ኢቲሳ በምንለው ቦታ ነው። ሊቃውንት ዘመኑን በፈረንጆች 1215 ገደማ ያደርጉታል። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባላሉ፤ የልጅነት ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር። ያን ጊዜ ሸዋ ለክርስቲያኑ መንግሥት ጠረፍ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ከመወለዳቸው በፊት እናታቸው በዳሞቱ ገዥ በሞተለሚ ተማርከው ነበር።

ለሸዋ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ማለት ያኔ ወደ ሰሜን መሄድ ነው። ተክለ ሃይማኖትም ያላቸውን ለድሃ ሰጥተው ወጡ። መጀመሪያ በአማራ አገር ከአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተማሩ። ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው የደብረ ዳሞ ተማሪ ነበሩና፣ ተክለ ሃይማኖትም እስከ መምህራቸው መምህር ቤት ድረስ ተጉዘው በገመድ ወደሚወጣበት ወደዚያ አምባ ደረሱ። የክንፉ ታሪክም ከዚያ ነው፤ ሲወርዱ ገመዱ ተበጥሶ ስድስት ክንፍ ተሰጣቸው ይላል ገድሉ።

እዚያው ቢቀሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። መጻሕፍቱም፣ መምህራኑም፣ ክብሩም ያለው ሰሜን ነው። እሳቸው ግን ወደ ጠረፉ ተመለሱ። በፈረንጆች 1284 ገደማ በሰላሌ ገደል ዋሻ ውስጥ፣ ከጥቂት ደቀ መዛሙርት ጋር፣ ደብረ አስቦን መሠረቱ።

ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተቆርጦ 7 ዓመት በሌላው እግር እንደቆሙ ይተረካል። ሐኪም ይህን ሲሰማ እብጠት፣ የደም ሥር፣ ቁስል ማሰቡ አይቀርም፤ እኔም አስባለሁ። ይበልጥ የሚይዘኝ ግን የዕረፍታቸው ነገር ነው። ገድሉ ያረፉት በቸነፈር ነው ይላል፤ ዘመኑ በፈረንጆች 1313 ገደማ ነው። በእሳቸው ቦታ የተተኩት አባ ኤልሳዕም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏቸው። መሥራቹም ተተኪውም በአጭር ጊዜ ሲሞቱ ስንት ተቋም ነው የሚተርፈው? ደብረ አስቦ ግን ተረፈ። ሦስተኛው አባት ፊልጶስ ቤቱን ተረክበው አሰፉት፤ ከንጉሡ ከዓምደ ጽዮን ጋር ተጣልተው እስከ መሰደድ ደረሱ እንጂ አልተንበረከኩም። ተክለ ሃይማኖት ከሰሜን ያመጡት እውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቢቀር ኖሮ በዚያ ቸነፈር አብሮ ይቀበር ነበር።

የኋላውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በ15ኛው መቶ ዘመን ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቦታውን ደብረ ሊባኖስ አሉት። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ተብሎ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሁሉ አለቃ ሆነ። በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ ዐፅማቸው የፈለሰበት የግንቦት 12 በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ ተረሸኑ። ከገዳሙ የተወሰዱ ወጣት ዲያቆናት ደግሞ የተገደሉት እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ እንገጫ ላይ ነው። ቤቱ ያንንም አልፎ ቆመ። ከግብፅ ይላክልን የነበረውን የሊቀ ጳጳስነት መንበር በ1943 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተረከቡት ኢትዮጵያዊ፣ አቡነ ባስልዮስ፣ ከደብረ ሊባኖስ እጨጌነት የመጡ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው።

ግብፆችም ለእኛ ጳጳስ ሲልኩ ኖረው ከእኛ ደግሞ ይህን መነኩሴ ወስደዋል። ነሐሴ 24 ዕረፍታቸው በቅብጦች ስንክሳር ይታሰባል፤ በእስክንድርያ ኢብራሂሚያ ሰፈር በስማቸው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። የቡልጋን አቀበት አይተው የማያውቁ ሰዎች ልጆቻቸውን ተክላ ብለው ይጠራሉ።

ከመካከላችን ግማሹ አገር ቤት፣ ግማሹ ውጭ ነው፤ የቀረውን የሄደው፣ የሄደውን የቀረው መውቀስ ልማዳችን ሆኗል። የእሳቸውን ሕይወት ሳነብ ግን ጥያቄው ሌላ ይሆንብኛል። የትም እንሁን፣ ነገ እኔ ብታጣ ሥራዬን የሚቀጥል ማንን አስተምሬአለሁ? ዋርድ ላይ ከኢንተርኖቹ ጋር ስዞር ሰዓት ሲያጥረኝ፣ ለማስተማር የምቆምባትን ያቺን አምስት ደቂቃ እንዳልቆርጣት የሚያደርገኝ ይኸው ጥያቄ ነው።