ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል (1755 — 1835)

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች፥ የሕዝብ እንደራሴዎች የመከሩበትን፥ ፕሬዚዳንቱም የፈረሙበትን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብለው ለመሻር ይችላሉ። ይህ ሥልጣን ግን በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ በግልጥ ተጽፎ አይገኝም። ታዲያ ከየት መጣ? ለሚለን አንባቢ የዳኛ ጆን ማርሻልን ታሪክ ከመንገር የተሻለ መልስ የለንም።

ማርሻል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1755 ዓ. ም. በቨርጂንያ ገጠር ተወለዱ፤ ከአሥራ አምስት ልጆችም የመጀመሪያው ነበሩ። ትምህርት ቤት የቈዩበት ጊዜ አጭር ስለ ነበረ ብዙውን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። የነፃነቱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዘምተው ከጄኔራል ዋሺንግተን ጦር ጋር በቫሊ ፎርጅ ሰፈር ብርድና ረኀብ አዩ። ሕግን በኮሌጅ የተማሩት በ1780 ዓ. ም. ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዲፕሎማ ለሚቈጥር ወጣት ይህ እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ከዚያ በኋላ ጠበቃ፥ የሕዝብ እንደራሴ፥ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

በ1801 ዓ. ም. ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ዋና ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። ሹመቱ በዚያ ጊዜ የሚያስቀና አልነበረም። አስቀድሞ የተጠየቁት ጆን ጄይ፥ ፍርድ ቤቱ ክብርም ጕልበትም የለውም ብለው እምቢ ብለዋል። የራሱ ቤት እንኳ ስላልነበረው በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክፍል ያስችል ነበር። ዳኞቹም በእንግሊዝ ልማድ እያንዳንዳቸው አሳባቸውን ለየብቻ ያነቡ ስለ ነበረ፥ ባለጕዳዩ የፍርዱን ምክንያት ከብዙ ንግግር መካከል ለቅሞ ማውጣት ነበረበት። ማርሻል ይህን ልማድ ለወጡት። ዳኞቹ ለችሎት ወደ ዋሺንግተን ሲመጡ በአንድ ማረፊያ ቤት ያድራሉ፤ በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ በነገሩ ከተከራከሩበት በኋላ አንዱ ስለ ፍርድ ቤቱ ሆኖ ይጽፋል። እንደሚነገረው፥ ወይን የሚጠጣው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ እንዲሆን ተስማምተው ሳለ፥ ማርሻል ሰማዩ በጠራበትም ቀን አገሩ ሰፊ ስለ ሆነ በአንዱ ማዕዘን መዝነቡ አይቀርም በማለት ያስቀዱ ነበር።

ታላቁ ፈተና የመጣው በ1803 ዓ. ም. ነው። ፕሬዚዳንት አዳምስ ሥልጣናቸውን ሊለቁ ሲሉ ዊልያም ማርበሪ የተባለውን ሰው አጥቢያ ዳኛ አድርገው ሾሙት። የሹመቱ ደብዳቤ ተፈረመ፤ ታተመ፤ ነገር ግን ሳይደርሰው ቀረ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰንም እንዳይሰጠው ስላዘዙ ማርበሪ ከሰሰ። ማርሻል ይሰጠው ብለው ቢያዝዙ፥ ፍርድ ቤቱ ወታደር የለውምና ትእዛዙ ይናቃል። አይገባውም ቢሉ ደግሞ ፈሩ ይባላል። ስለዚህ እንዲህ ፈረዱ፤ ማርበሪ ሹመቱ ይገባዋል፥ መከልከሉም ሕግ መጣስ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ደረጃ እንዲያይ የሚፈቅደው የ1789 ዓ. ም. ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ የማይጸና ነው። ጄፈርሰን እምቢ የሚሉበት ትእዛዝ አላገኙም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ትንሹን ሥልጣን ጥሎ ትልቁን አነሣ። በአገራችን በእኛ አቈጣጠር በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ይህን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ለፍርድ ቤት አለመስጠቱን የሕግ ተማሪዎች ያውቁታል።

በዚያ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ያሳረፉት፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፥ ራሳቸው ማርሻል ነበሩ። በእኛ አስተያየት ከዚህ ችሎት መነሣት ይገባቸው ነበር።

በወንበሩ ሠላሳ አራት ዓመት ቈዩ። በ1819 ዓ. ም. የማሪላንድ ክፍለ ሀገር በማዕከላዊው መንግሥት ባንክ ላይ የጣለውን ግብር አፈረሱ። በባሪያ ነገር ግን ስማቸው አያምርም። ራሳቸው ብዙ ባሪያዎች ነበሯቸው፤ በ1825 ዓ. ም. በአንቴሎፕ መርከብ ክስም የባሪያ ንግድ የተፈጥሮን ሕግ ቢቃወም የመንግሥታትን ሕግ አይቃወምም ብለው ፈረዱ።

በ1832 ዓ. ም. የጆርጂያ ሕግ በቸሮኪ ሕዝብ ምድር ላይ እንደማይሠራ ወሰኑ። ያን ጊዜ፥ በ1803 ዓ. ም. በብልሃት ያለፉት ነገር ደረሰ። ጆርጂያ ፍርዱን አልተቀበለም፤ ፕሬዚዳንት ጃክሰንም ለማስፈጸም አልተነሡም። ማርሻል በ1835 ዓ. ም. ጁላይ 6 ቀን በፊላደልፊያ ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቸሮኪዎች በወታደር ተገደው ከምድራቸው ወጡ፤ በሺሕ የሚቈጠሩትም አለቁ።