የፖርት ሮያሉ ሔንሪ ሞርጋን

ካፒቴን ሞርጋን የሚባለውን የአረቄ ጠርሙስ ያየ ሰው በላዩ የተሳለውን ሰውዬ ሳያስታውሰው አይቀርም። ቀይ ካባ ለብሶ፣ አንድ እግሩን በርሜል ላይ አሳርፎ የቆመ ጎልማሳ ነው። ይህ ሰው ከተረት የተወለደ ሳይሆን በእውነት የኖረ፣ ከሞተም ከ300 ዓመት በላይ የሆነው ሰር ሔንሪ ሞርጋን ነው። እኛም ስለ እሱና ፖርት ሮያል ስለምትባለው የጃማይካ ወደብ ጥቂት ለማውሳት ያሰብነው፣ በፊልምና በልብ ወለድ ስለ ባሕር ወንበዴዎች የሚነገረው ጨዋታ ከታሪኩ እጅግ የራቀ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ሞርጋን የተወለደው በ1635 ገደማ በዌልስ አገር ነው። ትምህርት ቤት ብዙ እንዳልቆየና ከመጽሐፍ ይልቅ ጦር መያዝ እንደ ለመደ ኋላ ሹመት ላይ ሳለ ራሱ ጽፏል። በ1655 የእንግሊዙ መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል የላከው ጦር ሒስፓኒዮላ የተባለችውን ደሴት ከእስፓኞች እጅ ለመንጠቅ ሞክሮ ድል ሆነ። የጦሩ አለቆች ባዶ እጃቸውን አገራቸው መግባት ስለ ከበዳቸው በአጠገቧ ያለችውን፣ እስፓኞችም እምብዛም ያልተጨነቁላትን ጃማይካን ያዙ። ወጣቱ ሞርጋንም ወደ ካሪብያን ባሕር የመጣው በዚሁ ዘመን ነው።

ከጃማይካ ደቡባዊ ጠረፍ እንደ ክንድ የተዘረጋ፣ ፓሊሳዶስ የሚሉት ቀጭን የአሸዋ መሬት አለ። እንግሊዞች ከጫፉ ላይ ምሽግ ሠሩ፤ በምሽጉም ዙሪያ ከተማ በቀለ። ቻርልስ 2ኛ በ1660 ዙፋን ከያዘ በኋላ ስሟ ፖርት ሮያል፣ ማለትም የንጉሥ ወደብ ተባለ። ቦታው እህል አያበቅልም፤ የሚጠጣ ውኃም ስለሌለው ከሪዮ ኮብሬ ወንዝ በጀልባ ይመጣለት ነበር። ዳሩ ግን ከበስተኋላው ያለው የባሕር ወሽመጥ ሰፊና ጥልቅ በመሆኑ ትልልቅ መርከቦች እስከ ደጃፍ ድረስ ይጠጉበታል። እስፓኞች የደቡብ አሜሪቃን ብር ጭነው የሚመላለሱበትም መንገድ ሩቅ አልነበረም። ከተማይቱን ያበለጸጋት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ወረቀት መናገር ግድ ይሆንብናል። የጃማይካ ገዥዎች ደሴቲቱን የሚጠብቅ በቂ የጦር መርከብ ከለንደን አይላክላቸውም ነበር። ስለዚህ በዚያ ባሕር ለሚንከራተቱት ዘራፊዎች ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ወረቀት ይሰጧቸው ጀመር። ወረቀቱን የያዘ ሰው የእስፓኝን መርከብ ቢዘርፍ የንጉሥ አገልጋይ ነው፤ ያልያዘ ሰው ያንኑ ሥራ ቢሠራ ወንበዴ ነውና ይሰቀላል። ደመወዝ የለም፤ ደመወዙ ዘረፋው ነው። በባሕር ላይ ከተያዘ መርከብ ለመንግሥት ድርሻ ይወጣል። ከተማ ዘርፎ ስለሚገኘው ሀብት ግን ወረቀቱ የሚለው ነገር አልነበረም። ይህችን ቀዳዳ የሞርጋንን ያህል የተጠቀመባት የለም። የሕግ ተማሪዎች ወዳጆቻችን ይህን ልብ ይሏል!

ሞርጋን ዘመድም ነበረው። አጎቱ ኤድዋርድ ሞርጋን የጃማይካ ምክትል ገዥ ሆኖ መጥቶ በ1665 በዘመቻ ላይ ሞተ። ሔንሪም የዚሁን አጎቱን ልጅ ሜሪ ኤልሳቤጥን አገባ (ይህ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በእነሱ ዘንድ ግን አይደለም)። ከዚያም የዋናው ገዥ የቶማስ ሞዲፎርድ ባለሟል ሆነ።

ስሙ የገነነው በ1668 ነው። በፓናማ ምድር ያለችው ፖርቶቤሎ የፔሩ ብር ወደ እስፓኝ የሚጫንባት ከተማ ነበረች። ሞርጋን መርከቦቹን ርቆ ትቶ 500 ያህል ሰዎች በታንኳ አሳፍሮ ሌሊቱን ቀዘፈ፤ ሰዎቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ከተማይቱ ውስጥ ገባ። ምርኮኞችን ከፊት አስቀድሞ ወደ ምሽግ እንደ ነዳ፣ የተደበቀ ገንዘብ ለማስወጣትም ሰዎችን እንዳሠቃየ በዘመኑ ተጽፎበታል። ከተማይቱን ላለማቃጠል ከፓናማ ሹም 100,000 ፔሶ ተቀበለ። ፔሶ ማለት አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረውን የማርያ ቴሬዛን ብር የሚያህል የብር ገንዘብ ነውና ብዛቱን መገመት አያዳግትም። የተሰጠው ፈቃድ ከተማ እንዲዘርፍ አይልም ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ፖርት ሮያል ሲገባ ወረቀቱን አውጥቶ ያነበበ ሰው አልተገኘም።

በ1669 መጀመሪያ ላይ ኦክስፎርድ በምትባለው መርከብ ከአለቆቹ ጋር ማዕድ ተቀምጦ ሳለ ባሩድ ተቀጣጥሎ መርከቢቱ ፈነዳች። ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች ሲያልቁ እሱ ከጥቂቶች ጋር ተረፈ። በዚያው ዓመት በቬኔዙዌላ የማራካይቦን አገር ዘርፎ ሲመለስ የእስፓኝ የጦር መርከቦች መውጫውን ዘግተው ጠበቁት። ሞርጋን አንዲቱን መርከብ ዝፍትና ባሩድ ሞላባት፤ በላይዋም ግንዶችን ባርኔጣ እያለበሰ እንደ ሰው አቆመ። መርከቢቱ ሄዳ ከእስፓኞቹ ዋና መርከብ ጋር ስትጣበቅ ሁለቱም ተያይዘው ነደዱ። ምሽጉ ገና ቀርቶ ነበር። አሁንም ታንኳዎቹ ቀኑን ሙሉ ሰዎች ጭነው ወደ የብስ እንዲመላለሱ አዘዘ፤ ሲሄዱ ሁሉም ቁጭ ብለው ይታያሉ፤ ሲመለሱ ግን ታንኳው ውስጥ ተጋድመው ስለሚመጡ ባዶውን የሚመለስ ይመስላል። እስፓኞችም በየብስ በኩል ሊወጋን ነው ብለው መድፎቻቸውን ወደዚያ አዞሩ። እሱ በሌሊት ሸራውን ዘርግቶ በባሕር በኩል አለፈ።

እንዲህ ያለውን ብልኀት ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ልባቸው ወደ ወንበዴዎቹ ያዘነብላል። ከጓደኞቻችን መካከል እንዲያውም እነዚህ ሰዎች ጌታና ሎሌ የሌለበት፣ ሁሉም በእኩል የሚካፈልበት ማኅበር መሥርተው ነበር እያሉ የሚከራከሩ አሉ። ክርክራቸው ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም። ከዘመቻ በፊት ውል ይጽፉ ነበር፤ በውሉም የቆሰለ ሰው ካሳ ያገኛል። ነገር ግን ውሉን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ቀኝ እጁን ያጣ ሰው 600 ፔሶ ወይም ስድስት ባሮች ይሰጠዋል። እኩልነታቸው ሰውን እንደ ገንዘብ እየቆጠረ የሚከፍል እኩልነት ነበር፤ እኛም በዚህ አንደነቅም።

ሞርጋን የመጨረሻውን ዘመቻ ያደረገው በፓናማ ከተማ ላይ ነው። 36 መርከቦችና ከ1,800 የማያንሱ ሰዎች ተከተሉት። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሺሕ የሚበልጡትን ይዞ ከአትላንቲክ ወገን የቻግሬስን ወንዝ ሽቅብ ተጓዘ። እስፓኞች በመንገዱ ላይ አንዳች እህል ሳይተዉ ስለ ሸሹ ሰዎቹ በረኀብ ቆዳ ቀቅለው እስከ መብላት ደረሱ ይባላል። በጃንዋሪ 28 ቀን 1671 በከተማይቱ ፊት ጦርነት ተደረገ። እስፓኞች የከብት መንጋ በእንግሊዞች ላይ ለቀው ነበር፤ ከብቶቹ ግን የጠመንጃ ድምፅ ሲሰሙ ደንብረው ተመለሱ። ከተማይቱ ተቃጠለች። ከሀብቱ የሚበልጠው አስቀድሞ በመርከብ ሸሽቶ ስለ ነበረ ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው እጅግ ጥቂት ሆነ። ወታደሮቹም አለቃቸውን በሌብነት አሙት፤ እሱ ግን ቀድሞ ወደ ጃማይካ ተመልሷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እንግሊዝና እስፓኝ በማድሪድ የሰላም ውል ከተፈራረሙ ስድስት ወር አልፎ ነበር። የእስፓኝ መንግሥት ተቈጣ። ሞዲፎርድ ተይዞ ለንደን ታስሮ ከረመ፤ ሞርጋንም በ1672 እንደ እስረኛ ተላከ። እዚያ ሲደርስ ግን ወኅኒ የሚያስገባው ጠፋ። የለንደን መኳንንት ግብዣ ጠሩት። በ1674 ንጉሡ የሰርነት ማዕርግ ሰጥቶ የጃማይካ ምክትል ገዥ አድርጎ ሾመው። ከተማ ያቃጠለው ሰው በሦስተኛው ዓመት የሕግ አስከባሪ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ በ1675 ወደ ፖርት ሮያል የተመለሰው ሌላ ሞርጋን ነው። ከ1680 እስከ 1682 ዋናው ገዥ ስላልነበረ ደሴቲቱን ራሱ አስተዳደረ፤ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹንም በወንበዴነት ያሳድድ ጀመር። አንዳንዶች እንደሚሉት ጠባዩ ስለ ተለወጠ ሳይሆን ጥቅሙ ስለ ተለወጠ ነው፤ እኛም በዚህ እንስማማለን። ሞርጋን የዘረፈውን ብር መሬት ገዝቶበት ነበር። ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ነበሩት። ስኳር ነጋዴ ሰላም ያለበት ባሕር ይፈልጋል፤ ጉልበት ደግሞ ከአፍሪቃ በመርከብ እየተጫነ ይመጣለታል። ፖርት ሮያልም የዚህ የሰው ንግድ ገበያ ሆነች። ሞርጋን ሲሞት ከመቶ በላይ አፍሪቃውያን ባሮች ነበሩት። በጠርሙሱ ላይ ከተሳለው ሥዕል አጠገብ እነዚህ ሰዎች የሉም፤ አረቄው ግን ከአገዳ የሚወጣ ነው።

ኤክስከምሊን የሚባል አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከሞርጋን ጋር ዘምቶ ነበር። ይህ ሰው ያየውንና የሰማውን ጽፎ በ1678 በአምስተርዳም አሳተመ፤ መጽሐፉ በ1684 በእንግሊዝኛ ወጣ። በውስጡ ስለ ግርፋት፣ ስለ ማሠቃየት፣ ስለ ቃጠሎ ብዙ ተጽፏል። ሞርጋን በለንደን ሁለት አሳታሚዎችን በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ በ1685ም ረትቶ ከእያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ካሳና የማስተካከያ ቃል አገኘ። የጭካኔው ወሬ ቢያሳዝነውም ከሁሉ አብልጦ ያንገበገበው ግን ሌላ ቃል ነበር። መጽሐፉ በወጣትነቱ ባርባዶስ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት በአገልጋይነት ተሽጦ ነበር ይላል። እሱ የጨዋ ልጅ መሆኑንና የማንም ሎሌ ሆኖ እንደማያውቅ አስመስክሮ አሳረመ። ደራሲው ኤክስከምሊን ግን ራሱ ቶርቱጋ ደሴት ላይ እንዲሁ ተሽጦ ያገለገለ ሰው ነበርና ስለ መሸጥ ሲጽፍ ነገሩን ያውቀዋል። ከመቶ በላይ ሰው ገዝቶ የሚያሠራ ጌታ አንድ ጊዜ ተሽጧል መባልን ይህን ያህል መፍራቱ ብዙ ያሳስበናል።

ሞርጋን በ1683 ከምክር ቤቱ ተሽሮ መጠጥ ቤት ማዘውተር አበዛ። ኋላ ስብስቡ ለብሪቲሽ ሙዝየም መሠረት የሆነው ሐኪም ሐንስ ስሎን መርምሮት፣ የከሳና የገረጣ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ሌሊቱን ሲጠጣ የሚያነጋ ሰው መሆኑን መዝግቧል። በኦገስት 25 ቀን 1688 ሞተ፤ በመድፍ ተኩስ ታጅቦም በፓሊሳዶስ አሸዋ ላይ ተቀበረ።

አራት ዓመት ሳይሞላው፣ በጁን 7 ቀን 1692፣ በእኛ አቆጣጠር ለስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ምድር ተናወጠች። ሰዓቱን ያወቅነው በ1959 ከባሕር ሥር በተገኘ የኪስ ሰዓት ነው። ፖርት ሮያል ወደ 6,500 የሚሆን ሕዝብ ነበራት፤ ባለ ፎቅ የሸክላ ቤቶቿ የቆሙት ውኃ በጠገበ አሸዋ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ አሸዋ ሲናወጥ እንደ አጥሚት ይቀጥናል፤ የተሸከመውንም ይውጣል። ከከተማይቱ ሁለት ሦስተኛው ከነሰዉ ሰጠመ። 2,000 ያህል ሰዎች ወዲያው አለቁ፤ በኋላም በበሽታ ብዙዎች ሞቱ። የሞርጋን መቃብርም አብሮ ወደ ባሕር ገባ። ሉዊስ ጋልዲ የሚባል ነጋዴ ግን ምድር ውጣው፣ መልሳ ወደ ባሕር ተፋችውና ዋኝቶ ዳነ ይባላል፤ እስከ 1739 ኖሮ መቃብሩ ዛሬ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይታያል።

ከጥፋቱ የተረፉት ወሽመጡን ተሻግረው ኪንግስተንን ቆረቈሩ። ፖርት ሮያል በ1703 ተቃጠለች፤ እስከ 1905 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሠፈር ሆና ቆየች፤ በ1951 ደግሞ አውሎ ነፋስ ቤቶቿን ጠራርጎ ወሰደ። ዛሬ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በሰንበት የኪንግስተን ሰዎች የተጠበሰ ዓሣ ባሚ ከሚሉት የካሳቫ ቂጣ ጋር ሊበሉ ይመጣሉ። በ1907 የመሬት መንቀጥቀጥ ያዘመመው የመድፍ ዕቃ ቤት እንዳዘመመ ቆሟል፤ ገብተው የሚራመዱበት ሰዎች ራሳቸውን ያዞራቸዋል። የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲም በዚያ የባሕር ምርምር ጣቢያ አለው።

ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ በዚያው በፓሊሳዶስ አሸዋ ላይ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያልፋል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ሲጎበኙ ያረፉት፣ የባሮች የልጅ ልጆችም በእልፍ ተሰብስበው የተቀበሏቸው እዚህ ነው።

በጃንዋሪ 2020 የመጀመሪያው ትልቅ የጎብኝዎች መርከብ አዲስ በተሠራው መቆሚያ ላይ ተጠጋ። በ2025 ዩኔስኮ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ፖርት ሮያል በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የሰጠሙት መንገዶችና ግድግዳዎች ከጥልቅ ውኃ ውስጥ አይደሉም፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ ግን ማንም ጠልቆ አያያቸውም። ዓሣ አጥማጆቹ በበላያቸው እየቀዘፉ ይወጣሉ፤ ይገባሉ።