ነጋሪት ያስጎሰሙት ንጉሥ፣ ነጋሪት ያልተጎሰመለት ሞት

አርባ ምንጭ ላይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስትወጡ ግራና ቀኙን እዩት። የፋርማሲ ታፔላ፣ የባንክ ቢልቦርድ፣ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ የቤት ኪራይ ወረቀት... ታፔላ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ማስታወቂያ ግን አስታወቀ ከሚለው የራሳችን ግስ የወጣ ነው። እንግዲህ ሰሚው ካላወቀው ምኑን ማስታወቂያ ሆነ? ይህን ጥያቄ ይዘን የአንድ ሰው ሕይወት እንይ፤ የዳግማዊ አፄ ምኒልክን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸውና አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ያኔ ቢልቦርድ የለ፣ ቴሌግራም የለ። የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነው። ስሙም ከነገረ የወጣ ነው፤ የሚናገር ከበሮ እንደማለት። ገበያ መሃል ይጎሰማል፣ አዋጁ ይነበባል፣ ገበያተኛው ወሬውን ይዞ በየመንደሩ ይበተናል። የዛሬው ሼር ማድረግ በሉት። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀው የክተት አዋጅ የተሰራጨው በዚህ መንገድ ነው። ሰሚው ገባው፣ ስንቁን ቋጥሮ ተነሳ፣ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ድል ሆነ።

ጦርነቱ ራሱ ግን የመጣው ካልተግባባ ጽሑፍ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ ኢትዮጵያ ከፈለገች በጣሊያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር ልትነጋገር ትችላለች ይላል። በጣሊያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆነ። ቋንቋ ሲለያይ ምን እንደሚመጣ ከምኒልክ በላይ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። የምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ያዘ። የጋሞ ደጋዎችም በዚያው ዘመን በጦር ተይዘው በግዛቱ ሥር ገቡ፤ ጨንቻም የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። የአዋጁ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነበር፤ የጋሞ ገበሬ ቋንቋ ግን ጋሞኛ። ጋሞ ሳይነገረው የኖረ ሕዝብ አይደለም። ዱቡሻ አለው፤ የአገር ጉዳይ የሚነገርበት፣ ተመክሮ የሚወሰንበት አደባባይ። ነጋሪቱ ግን ይናገር ነበር እንጂ አያስታውቅም ነበር።

ከዓድዋ በኋላ ምኒልክ ሌላም መንገድ ሞከሩ። አንድሬያስ ካቫድያ የተባለ ግሪካዊ በእጅ እየጻፈ የሚያባዛው ጋዜጣ ጀመረ። ቅጂው 24 ብቻ ነበር። አእምሮ ብለው ስም ያወጡለት ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። በ1902 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው በአዋጅ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጸናባቸው፤ አካላቸውም ንግግራቸውም ተያዘ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ አረፉ። ለዚህ ግን ነጋሪት አልተጎሰመም። አገር እንዳይታወክ ተብሎ ሞታቸው ተደበቀ፣ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆየ። በኋላ ነው በዓታ ለማርያም ያረፉት። ዕድሜ ልካቸውን ያሳወጁት ሰውዬ ሞታቸው ሳይነገር ቀረ።

ነጋሪቱ በስሙ እስካሁን አለ፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተብሏል። ጋሞኛም ዛሬ ትምህርት ቤት ይማሩበታል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል በተነሱ ወጣቶች ፊት ተንበረከኩ። ሣሩ ላይ አንድም ፊደል አልተጻፈበትም። ወጣቱ ግን ወዲያው ገባውና ተመለሰ። ማስታወቂያ ማለት ይሄ ነው። እናንተም ነገ ፖስተር ስትሠሩ ወይ ፖስት ስታደርጉ፣ ጨንቻ ያሉት አያታችሁ ይገባቸው እንደሆነ አንዴ አስቡ።