ዕዳውን በብዕሩ የከፈለው የኤዲንበርግ ሰው

የስኮትላንድ ዋና ከተማ የሆነችውን ኤዲንበርግን ለማየት የሄደ መንገደኛ ከባቡር የሚወርድበት ጣቢያ ዌቨርሊ ይባላል። ከዚያ ወጥቶ ፕሪንስስ ስትሪት ከተባለው ጎዳና ሲደርስ ደግሞ ቁመቱ 61 ሜትር የሆነ፥ ጢስና ዘመን ያጠቆረው የድንጋይ ሐውልት ከፊቱ ቆሞ ያገኛል። ጣቢያው ስሙን የወረሰው ከልብ ወለድ መጻሕፍት ነው፤ ሐውልቱም የተሠራው ለንጉሥ ወይም ለጦር አዛዥ ሳይሆን እነዚያን መጻሕፍት ለጻፈው ሰው ነው። አንድ ከተማ ለአንድ ደራሲ ይህን ያህል ክብር የሰጠው ስለ ምን ይሆን? ዛሬ የሰር ዋልተር ስኮትን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ የተነሣነው ይህንኑ ለማስረዳት ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

ዋልተር ስኮት ኦገስት 15 ቀን 1771 ዓ.ም. በኤዲንበርግ አሮጌው ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው፥ እናቱም የሐኪም ልጅ ነበሩ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዛሬ ፖሊዮ ተብሎ የሚታወቀው በሽታ ስለያዘው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በቀኝ እግሩ ሲያነክስ ኖረ። የባላገር አየር ይሻለዋል ተብሎም በእንግሊዝ ወሰን አጠገብ ወደሚገኘው የአያቱ እርሻ ተላከ። እንደ እኩዮቹ ለመሮጥ ያልቻለው ይህ ሕፃን ከሴት አያቱና ከአክስቱ አፍ የጥንቱን የወሰን ጦርነት ታሪክና ዘፈን እየሰማ በልቡ አኖረው። እንግዲህ የበሽታው ጉዳት ለኋላ ሥራው መነሻ ሆነው ማለት ነው።

ትምህርቱን በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተከታትሎ በ1792 ጠበቃ ሆነ። በ1799 የሰልከርክ አውራጃ ዳኛ፥ በ1806 ደግሞ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። በመሥሪያ ቤት የሚውሉ ወጣቶች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ስኮት ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ የዕለቱን ድርሰት ጽፎ ይጨርስና ወደ ቢሮው ይሄድ ነበር። ሥራ በዛብኝ ብሎ ብዕሩን አላስቀመጠም።

በ1810 የሐይቁ እመቤት የተባለውን ግጥም ባወጣ ጊዜ ታሪኩ የተፈጸመበትን የካትሪን ሐይቅ ለማየት ሕዝብ ከየአገሩ ጎረፈ። በ1814 ዌቨርሊ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ ነገር ግን ስሙን ከመጽሐፉ ላይ አላኖረም። እስከ 1827 ድረስ ደራሲው እርሱ መሆኑን በአደባባይ አልገለጸም።

የከተማው ትልቅ መስሕብ የሆነው ግንብም ለእርሱ ባለውለታ ነው። ስኮትላንድ በ1707 ከእንግሊዝ ጋር ስትዋሐድ ዘውዱ፥ በትረ መንግሥቱና የመንግሥቱ ሰይፍ በግንቡ ውስጥ በሣጥን ተቆልፎባቸው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ወደ ለንደን ተወስደው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ በሕዝቡ ዘንድ አደረ። ስኮት ከመንግሥት ፈቃድ አስገኝቶ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1818 ሣጥኑ ሲከፈት ሁሉም በየቦታው ተገኘ። ዛሬም ጎብኚ ሁሉ በዚያው ግንብ ያያቸዋል።

በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንበርግን ሲጎበኙ የአቀባበሉን ሥርዓት ያሰናዳው ስኮት ነበር። ከ1746 በኋላ ለብዙ ዓመታት በሕግ ተከልክሎ የነበረው የተራራው ሕዝብ ልብስ ያን ጊዜ የመላው አገር ማጌጫ ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ባለርስቶች የተራራውን ገበሬ ከመሬቱ እያፈናቀሉ በግ ያረቡበት ነበር። ልብሱ ሲከበር ለባሹ ተሰደደ፤ የዚያን በዓል ድምቀት ስናወሳ ይህን መርሳት አይገባንም።

ስኮት በ1811 ከኤዲንበርግ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በትዊድ ወንዝ ዳር እርሻ ገዝቶ አቦትስፎርድ የተባለውን ቤት መሥራት ጀመረ። ለመሬትና ለግንባታ ገና ያልጻፋቸውን መጻሕፍት ዋጋ አስቀድሞ እየተቀበለ ያወጣ ነበር፤ ከዚህም በላይ በአንድ ማተሚያ ቤት በምሥጢር ሸሪክ ሆኖ ነበር። በ1826 መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱና አሳታሚው አብረው ሲከስሩ ወደ 120 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ በራሱ ላይ ወደቀ። ንብረቱን ለባለ ገንዘቦች አስረክቦ በሕግ ነፃ ለመውጣት ይችል ነበር፤ ወዳጆቹም ሊረዱት ፈቅደው ነበር። እርሱ ግን ሁለቱንም ትቶ ሠርቶ ለመክፈል ቈረጠ። የከተማ ቤቱ ተሸጠ፤ ሚስቱም በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሞተችበት። እርሱ ግን በኀዘኑ መካከል እየጻፈ ዘጠኝ ክፍል ያለውን የናፖሊዮንን ታሪክ በ1827 አወጣ። በ1830 ደም በአንጎሉ ፈስሶ ቢታመምም መጻፉን አላቋረጠም። በ1831 መንግሥት በጦር መርከብ ወደ ማልታና ኢጣሊያ ሰደደው፤ ነገር ግን ጤናው አልተመለሰም። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1832 በ61 ዓመቱ በአቦትስፎርድ ዐረፈና በድራይበርግ ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ ተቀበረ። የቀረው ዕዳ ከሞቱ በኋላ በመጻሕፍቱ ገቢ ተከፍሎ አለቀ።

ለሐውልቱ ውድድር ሲደረግ ያሸነፈው የእረኛ ልጅ የሆነው አናጢ ጆርጅ ኬምፕ ነበር፤ እርሱም በውድድሩ የገባው በተለወጠ ስም ነው። ስሙን ለሰወረው ደራሲ ስሙን የሰወረ ሠራተኛ ተገኘለት። ኬምፕ በ1844 ከቦይ ገብቶ ስለሞተ ሐውልቱ በ1846 ሲመረቅ ለማየት አልታደለም። ዛሬ ጎብኚው 287 ደረጃ ወጥቶ ከተማይቱን ከላይ ይመለከታል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስኮት በመሬት ፍቅርና ባለማስተዋል ራሱን ለዕዳ የዳረገ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጥፋቱን በሌላ ላይ ሳይጥል በገዛ ጉልበቱ ተሸከመው። እኛም ከሐውልቱ ቁመት ይልቅ ስሙን ያቆየው ይህ ነው እንላለን።